ጉቦ ወንጀል የሚሆነው ገና ሲጠየቅ ነው

ብዙ ሰው ጉቦ ወንጀል የሚሆነው ብሩ ከእጅ ወደ እጅ ሲያልፍ ይመስለዋል። ሕጉ ግን ከዚያ ቀደም ብሎ ይጀምራል። ሠራተኛው «እስቲ ለሻይ የሚሆን ነገር አስብልን» ብሎ ከጠየቀ ያ ጥያቄ ብቻውን ወንጀል ነው። ብሩ ባይከፈልም፣ ጉዳዩ ባይፈጸምም ወንጀልነቱ አይቀርም። በሰጪው በኩልም እንደዚያው ነው። «ይህን ጨርስልኝ፣ እኔም አልረሳህም» ብሎ ቃል የገባ ሰው ገና ኪሱን ሳይነካ ሕጉ ውስጥ ገብቷል።

ይህን ያስቀደምኩት በምክንያት ነው። አብዛኛው ባለጉዳይ ሕጉ የሚደርስለት ከከፈለ በኋላ ይመስለዋል። ከከፈለ በኋላ ደግሞ ራሱም ተጠያቂ ነውና አፉን ይዘጋል። ጉቦ ጠያቂው የሚተማመነው በዚህ ዝምታ ነው። ሕጉን ቀድሞ ያወቀ ሰው ግን ገና ሳይከፍል የሚቆምበት መሬት አለው። ይህን ጽሑፍ የምጽፈውም ለዚያ ሰው ነው።

ሕጉ የት እንዳለ ባጭሩ ልንገራችሁ። የሙስና ወንጀሎች ቀደም ሲል በወንጀል ሕጉ ውስጥ ነበሩ። በ1996 ወጥቶ ከግንቦት 1997 ጀምሮ ሥራ ላይ የዋለው የወንጀል ሕግ ጉቦን፣ ሥልጣንን ያላግባብ መገልገልን፣ ምንጩ ያልታወቀ ሀብትን ሁሉ ይዞ ነበር። በ2007 እነዚህ ድንጋጌዎች ሰፋ ተደርገው ራሳቸውን የቻሉ ሕግ ሆኑ፤ የሙስና ወንጀሎች አዋጅ ቁጥር 881/2007 ይባላል። ክሱ እንዴት እንደሚመራና ማስረጃ እንዴት እንደሚቀርብ የሚደነግገው አዋጅ ቁጥር 434/1997 ሲሆን እሱም በ2007 ተሻሽሏል። ኢትዮጵያ የተባበሩት መንግሥታትንም የአፍሪካ ኅብረትንም የፀረ ሙስና ስምምነቶች አጽድቃለች።

አንድ ፋይል ከመስኮት እስከ በር

አንቀጽ ከመቁጠር አንድ ጉዳይ ይዘን ብንሄድ ይሻላል።

አንዲት እናት ከባለቤታቸው የወረሱትን ቤት ካርታ ወደ ራሳቸው ስም ለማዛወር ወደ መሬት አስተዳደር ሄዱ እንበል። የወራሽነት ማስረጃ ከፍርድ ቤት አውጥተዋል። የቤት ግብሩ ተከፍሏል። ማመልከቻውም በፎርሙ መሠረት ተሞልቷል። መስኮቱ ላይ ያለው ልጅ «ፋይሉ አልተገኘም፤ ሳምንት ይመለሱ ማዘር» ይላቸዋል። ሳምንት ሲመጡ «ሲስተም የለም» ይባላል። ቀጥሎ ደግሞ «ኃላፊው ስብሰባ ላይ ናቸው»። ተስፋ ቆርጠው ሲወጡ ከበሩ ውጭ አንድ ጎልማሳ ይጠጋቸዋል። «ማዘር፣ ይሄ ነገር እንዲህ በመመላለስ አያልቅም። ሃያ ሺህ ብር ካለ በሁለት ቀን አስጨርስልዎታለሁ። ለእኔ እንዳይመስልዎት፤ ለውስጥ ሰዎች ነው።»

እስካሁን አንድ ብር አልተከፈለም። ሕጉ ግን ሦስት ሰዎችን ማየት ጀምሯል።

መጀመሪያ መስኮቱ ላይ ያለው ልጅ። ፋይሉ በእርግጥ ጠፍቶ ከሆነ ይህ የአሠራር ችግር ነው። ፋይሉ እያለ፣ ሴትዮዋ እንዲሰለቹና እንዲከፍሉ ብሎ ከያዘው ግን ነገሩ ሌላ ነው። ሕጉ «ጉዳይን ያለአግባብ ማጓተት» የሚለው ራሱን የቻለ የሙስና ወንጀል አለ። ለራሱ ወይም ለሌላ ሰው ጥቅም ለማግኘት፣ ወይም ባለጉዳዩን ለመጉዳት ብሎ ያለ በቂ ምክንያት ውሳኔ መስጠት ያለበትን ጉዳይ የሚያዘገይ ሠራተኛ በዚህ ይከሰሳል። «ነገ ና» በራሱ ወንጀል ሊሆን ይችላል ማለት ነው። ይህን የሚያውቅ ባለጉዳይ በጣም ጥቂት ነው። በዚህ አንቀጽ ሰው ተከሰሰ ሲባልም አዘውትረን አንሰማም። እኔ ግን ለተራው ሰው ከሁሉም የሚቀርበው አንቀጽ ይህ ነው እላለሁ። ጉቦ የሚወለደው ከመጓተት ነውና።

ቀጥሎ በሩ ላይ ያለው ጎልማሳ፣ ጉዳይ ገዳይ የምንለው። እሱ የመንግሥት ሠራተኛ አይደለም። ይህ ግን ነፃ አያወጣውም። በሰጪና በተቀባይ መካከል ሆኖ ማቀባበል ለብቻው ያስቀጣል። ምናልባት ውስጥ የሚያውቀው ሰው አንድም የለ ይሆናል፤ ሃያውን ሺህ ኪሱ ከትቶ ሊጠፋ አስቦ ይሆናል። ያም ቢሆን ከሕግ አያመልጥም። የሌለውን ተሰሚነት አለኝ ብሎ ጥቅም የሚቀበል፣ ወይም ያለውን ተሰሚነት የሚሸጥ ሰው በሕጉ ይጠየቃል።

ሦስተኛው ሰው ውስጥ ያለው ኃላፊ ነው፤ ብሩ ደርሶት ከሆነ ወይም እንዲጠየቅ ያደረገው እሱ ከሆነ። እዚህ ላይ ሕጉ አንድ ልዩነት ያደርጋል። ኃላፊው ገንዘቡን የተቀበለው መሥራት የሚገባውን ለመሥራት ነው ወይስ መሥራት የሌለበትን ለመሥራት? ሴትዮዋ የጠየቁት መብታቸውን ነው። ኃላፊው ደግሞ ደመወዝ የሚከፈለው ይህንኑ እንዲፈጽም ነው። ለዚህ ተጨማሪ ብር መቀበል ወንጀል ነው፤ የማይገባ ጥቅም መቀበል። ያንኑ ቤት በሐሰተኛ ሰነድ ለሌላ ሰው ለማዛወር ብር ቢቀበል ግን ከግዴታው ተቃራኒ የሆነ ሥራ ስለሠራ ነገሩ ይከብዳል። ቅጣቱ እንደ ጥቅሙ መጠን፣ እንደ ሥልጣኑ ከፍታና እንደ ጉዳቱ ክብደት ይወጣል ይወርዳል። ከቀላል እስራት ተነስቶ በከባዶቹ እስከ 25 ዓመት ጽኑ እስራት ይደርሳል።

አሁን ወደሚያስቸግረው ነጥብ ደረስን። ሴትዮዋ ሰለቻቸው፤ ከልጆቻቸው ተበድረው ሃያውን ሺህ ሰጡ። ወንጀለኛ ናቸው?

በሕጉ ቃል አዎ፣ ጉቦ መስጠት ወንጀል ነው። የተገዛው ነገር የራስ መብት መሆኑ ብቻውን ከተጠያቂነት አያወጣም። እኔ በዚህ ላይ የማልደብቀው አስተያየት አለኝ። ጨረታ ለማሸነፍ ሚሊዮን የሚያስቀምጥ ሥራ ተቋራጭና የባሏን ቤት ካርታ ለማግኘት የተበደረች እናት በአንድ ዓይን መታየት የለባቸውም። ተቋራጩ ከሌላው ሰው ላይ ይወስዳል። እሳቸው የራሳቸውን ነው መልሰው የገዙት። ጥሩነቱ ሕጋችን በዚህ ነገር ጭፍን አይደለም። በወንጀል ሕጉ ተገድዶ የፈጸመ ሰው የሚታይበት መንገድ አለ፤ ግዳጁ ሊቋቋሙት የማይቻል ከሆነ ነፃ ያወጣል፣ ካልሆነም ቅጣት ያቀላል። በአዋጅ 434 ደግሞ በሙስና ወንጀል ውስጥ እጁ ያለበት ሰው ጠቃሚ መረጃ ከሰጠ ከክስ ነፃ ሊደረግ ይችላል። ልብ በሉ፤ «ይደረጋል» አላልኩም። ውሳኔው የሕግ አስከባሪው ነው። ስለዚህ ከፍሎ ከማመልከት ይልቅ ሳይከፍሉ ማመልከት በብዙ እጥፍ ይሻላል።

እጅ ከፍንጅ የሚባለው እንዴት ይሠራል

በዜና «ጉቦ ሲቀበል እጅ ከፍንጅ ተያዘ» ሲባል የምንሰማው ነገር ብዙውን ጊዜ የሚጀምረው ከአንድ ባለጉዳይ ጥቆማ ነው። ባለጉዳዩ ጉቦ ተጠየቅኩ ብሎ ለፖሊስ ወይም ለፀረ ሙስና ኮሚሽን ይናገራል። መርማሪዎቹ የሚሰጠውን ብር ይይዙና በእያንዳንዱ ኖት ላይ ያለውን መለያ ቁጥር ይመዘግባሉ፣ ፎቶ ኮፒ ያደርጋሉ። ከዚያ ባለጉዳዩ ያንኑ ብር ለጠያቂው ይሰጣል። ሠራተኛው ሲያዝ ከኪሱ ወይም ከመሳቢያው የተገኙት ኖቶች ቁጥራቸው ከኮፒው ጋር ይመሳከራል። ችሎት ላይ ተከሳሹ «ብድር ነው የመለሰልኝ» ብሎ ቢከራከር ያ ወረቀት ይጠብቀዋል።

በዚህ መንገድ ብር የሰጠ ሰው ጉቦ ሰጪ አይባልም። የሰጠው ሕግ አስከባሪ እያወቀና እየተቆጣጠረ፣ ወንጀሉን ለማጋለጥ ነው። ትልቁ ልዩነት የመጣው ባለጉዳዩ ቀድሞ በመናገሩ ነው።

«ብናገር ማን ይጠብቀኛል?» የሚለው ጥያቄ ትክክለኛ ጥያቄ ነው። የወንጀል ጠቋሚዎችና ምስክሮች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 699/2003 ለዚህ ወጥቷል። የጥቆማ አቅራቢውን ማንነት ከመደበቅ ጀምሮ መኖሪያን እስከ መቀየር፣ ማንነትን እስከ መለወጥ የሚደርሱ እርምጃዎች አሉበት። ነገር ግን ይህ አዋጅ የተቀረጸው ለከባድ ወንጀሎች ነው፤ አሥር ዓመትና ከዚያ በላይ ጽኑ እስራት ለሚያስቀጡት። የሃያ ሺህ ብር ጉቦ የተጠየቀች እናት በዚህ ጥላ ሥር ለመግባት ይከብዳታል። ይህ በሕጉ ውስጥ ያለ እውነተኛ ክፍተት ነው። ሰው በየቀኑ የሚጋፈጠው ትንሹን ጉቦ ነው፤ ጥበቃው የተዘጋጀው ለትልቁ ነው።

ሕጉ ማንን ይነካል፣ ምንን ጥቅም ይላል

ሙስና የመንግሥት ሠራተኛ ወንጀል ብቻ የሚመስላቸው አሉ። አዋጅ 881 ግን «ሕዝባዊ ድርጅት» የሚለውንም ይጨምራል። በግል ዘርፍ ሆኖ ከአባላት ወይም ከሕዝብ የተሰበሰበ ገንዘብና ንብረት የሚያስተዳድር አካል ማለት ነው። ብዙ ሺህ ባለአክሲዮን ያለው የግል ባንክ ውስጥ ብድር ለማጽደቅ ጉርሻ የሚጠይቅ ኃላፊ «እኔ የግል ተቀጣሪ ነኝ» ብሎ አያመልጥም። በሌላ በኩል ሕጉ እድርን፣ የሃይማኖት ድርጅትንና የፖለቲካ ድርጅትን ከዚህ ትርጉም ውጭ አድርጓቸዋል። የእድር ገንዘብ ያዥ ገንዘቡን ቢበላ ይጠየቃል፤ ግን የሚጠየቀው በእምነት ማጉደል ነው እንጂ በሙስና አዋጁ አይደለም። እድርን መተዋቸውን እስማማበታለሁ። ፓርቲዎችን መተዋቸው ግን ከብዶኛል፤ ሥልጣንና ገንዘብ ከሁሉ ይበልጥ የሚገናኙት እዚያ ነው።

ጥቅም ሲባልም ጥሬ ብር ብቻ አይደለም። ለልጅ ሥራ ማስገኘት፣ ዕዳ መሰረዝ፣ ውል መስጠት፣ ነፃ አገልግሎት፣ ሁሉም ጥቅም ነው። አንድ ኃላፊ ከሚቆጣጠረው ነጋዴ መኪና በሩብ ዋጋ «ገዛ» እንበል። ደረሰኝ አለው፣ ውል አለው፣ ወረቀቱ ንጹሕ ነው። ሕጉ ይህንንም ቀድሞ አስቦበታል። ዋጋ ያለውን ነገር ያለክፍያ ወይም ያለበቂ ክፍያ ማግኘት ራሱን የቻለ ወንጀል ነው።

ለመፈረም የሚያስፈራው አንቀጽ

ከጉቦ ወጣ ስንል ሁለት ሰፋፊ ወንጀሎች አሉ። አንዱ ሥልጣንን ያላግባብ መገልገል ነው። ሌላው «የመንግሥትን ሥራ በማያመች አኳኋን መምራት» ይባላል። ትልልቅ የግዢና የኮንትራት ክሶች በብዛት የሚመሠረቱት በእነዚህ ነው። ጉቦ ሲሰጥ ያየ ምስክር አይገኝም፤ የተገኘው ወረቀት ነው። ያለ ጨረታ የተፈረመ ውል፣ ከገበያ በላይ የተከፈለ ዋጋ፣ ያለ ጥናት የተገዛ ማሽን።

የሜቴክን፣ የመንግሥቱን የብረታ ብረትና ኢንጂነሪንግ ኮርፖሬሽን፣ ነገር ታስታውሳላችሁ። በኅዳር 2011 የወቅቱ ጠቅላይ ዐቃቤ ሕግ ኮርፖሬሽኑ በስድስት ዓመት ውስጥ 37 ቢሊዮን ብር የሚያወጣ የውጭ ግዢ ያለ ጨረታ መፈጸሙን ለሕዝብ ተናገሩ። ከዚያ በኋላ የመጡት ክሶች ትኩረታቸው ግዢው የተፈጸመበት መንገድ ላይ ነበር። ማን ስንት ብር ኪሱ ከተተ የሚለውን ማሳየት ከባድ ነው። ያለ ጨረታ ተገዛ የሚለው ግን ከፋይሉ ላይ ይነበባል።

በዚህ ላይ አንድ ሌላ ነገር ተጨምሯል። ሕጉ ድርጊቱ በማስረጃ ከተረጋገጠ፣ ተቃራኒ ማስረጃ እስካልቀረበ ድረስ፣ ተከሳሹ ያደረገው የማይገባ ጥቅም ለማግኘት ወይም ሌላውን ለመጉዳት አስቦ ነው ብሎ ይገምታል። ዐቃቤ ሕጉ ድርጊቱን ያስረዳል፤ ሐሳቡ ንጹሕ እንደነበር የሚያስረዳው ተከሳሹ ነው። ሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 20 ደግሞ ማንም ሰው ጥፋተኛ ነህ እስኪባል ንጹሕ ሆኖ የመገመት መብት አለው ይላል። የሕግ ሰዎች በዚህ ላይ ብዙ ተከራክረዋል።

የእኔ ስጋት ቀላል ነው። የተሳሳተ ውሳኔና የሙስና ውሳኔ በወረቀት ላይ አንድ ሊመስሉ ይችላሉ። ቀነ ገደብ ደርሶበት ቸኩሎ የፈረመ መሐንዲስና ለጓደኛው ብሎ የፈረመ መሐንዲስ ፊርማቸው ያው ነው። ንጹሑ ሰው ይህን ስለሚያውቅ መፈረም ይፈራል። ፋይሉን ወደ ላይ ይልካል፣ ኮሚቴ ይቋቋም ይላል፣ የጽሑፍ መመሪያ ይምጣልኝ ይላል። ጉዳዩ ይጓተታል። በሩ ላይ ያለው ጉዳይ ገዳይ ገበያው የሚደራው ያኔ ነው። ጉቦን ለመከላከል የወጣ ሰፊ አንቀጽ በዚህ መንገድ ጉቦ የሚራባበትን መጓተት ሊያባብስ ይችላል። መፍትሔው አንቀጹን መሰረዝ አይደለም። ዐቃቤ ሕግ ከመክሰሱ በፊት ሰውዬው ከዚህ ምን አገኘ፣ ማንን ጠቀመ ብሎ አጥብቆ መጠየቅ አለበት።

ቤቱ ከየት መጣ?

ሰው ሁሉ የሚወደው አንቀጽ ምንጩ ያልታወቀ ሀብት የሚለው ነው። በመንግሥት ሥራ ላይ ያለ ወይም የነበረ ሰው ኑሮው ወይም ንብረቱ ከሕጋዊ ገቢው ጋር የማይመጣጠን ከሆነ፣ እንዴት እንዳገኘው ለፍርድ ቤት አጥጋቢ ማብራሪያ ካልሰጠ ይቀጣል። ንብረቱን በእህቱ ወይም በጓደኛው ስም ማድረጉም ሁልጊዜ አያድነውም። ፍርድ ቤቱ የቅርብ ዘመድ ወይም ወዳጅ የያዘውን ንብረት የተከሳሹ ነው ብሎ ሊገምት የሚችልበት ሁኔታ አለ።

ይህ አንቀጽ እንዲሠራ ሰውዬው ሲሾም ምን እንደነበረው መታወቅ አለበት። ለዚህ ነው የሀብት ማሳወቅና ማስመዝገቢያ አዋጅ ቁጥር 668/2002 የወጣው። ተሿሚዎች፣ ተመራጮችና የተወሰኑ የመንግሥት ሠራተኞች የራሳቸውንና የቤተሰባቸውን ሀብት ያስመዘግባሉ፤ በየሁለት ዓመቱም ያድሳሉ። መመዝገብ ብቻውን ግን ምንም አይደለም። የተመዘገበው ቤት በእርግጥ አለ ወይ? ያልተመዘገበስ ምን አለ? ብሎ በየሰፈሩ የሚያጣራ ከሌለ ፎርሙ መደርደሪያ ላይ ይቀራል።

በ2017 ደግሞ የንብረት ማስመለስ አዋጅ ጸደቀ። ይህ ከወንጀል ክሱ ይለያል። ሰውዬው ጥፋተኛ ባይባልም፣ ምንጩን ማስረዳት ያልቻለው ንብረት በፍትሐ ብሔር ክስ ሊወረስ ይችላል። የመንግሥት ሠራተኛ መሆንም አያስፈልግም፤ ነጋዴውንም ይነካል። ወደ ኋላ አሥር ዓመት ድረስም ይሄዳል። ሥራውን ያቀላል የሚሉ አሉ፤ ልክ ናቸው። በአገራችን ስንቱ ግብይት ያለ ደረሰኝ እንደሚካሄድ የሚያውቅ ሰው ደግሞ መፍራቱ አይገርምም። ከአያቱ የወረሰውን ከብት ሸጦ ቤት የሠራ ገበሬ ምን ወረቀት ያመጣል? ፍርድ ቤቶች «አጥጋቢ ማብራሪያ» የሚለውን እንደ አገሩ ሁኔታ ካልተረጎሙት ጉዳት ይመጣል።

ትልልቆቹ ፋይሎች

ስለ ሙስና ሕግ አውርቶ ስለ ፖለቲካ ዝም ማለት አይቻልም። የቀድሞው ጠቅላይ ሚኒስትር ታምራት ላይኔ በ1992 የ18 ዓመት እስራት ተፈርዶባቸው በ2001 ተፈቱ። በ1993 የቀድሞው የመከላከያ ሚኒስትር ስዬ አብርሃ በሙስና ተጠርጥረው ታሰሩ። ዳኛ ብርቱካን ሚደቅሳ በዋስ እንዲወጡ ፈቀዱ። ስዬ ግን ከፍርድ ቤት እንደወጡ ወዲያው እንደገና ተያዙ። ፓርላማውም በጥድፊያ በሙስና የተያዘ ሰው በዋስ እንዳይለቀቅ የሚያደርግ ማሻሻያ አወጣ። ስዬ ከእስር የወጡት በ1999 ነው። ያ ክልከላ በኋላ በአዋጅ 434 ላላ፤ ክልከላው የጸናው ከአሥር ዓመት በላይ በሚያስቀጡት ላይ ነው።

በግንቦት 2005 የገቢዎችና ጉምሩክ ባለሥልጣን ዋና ዳይሬክተር መላኩ ፈንታ ታሰሩ። እዚያ ፋይል ላይ ብዙ ሰው ያላስተዋለው ነገር ተፈጠረ። የሚኒስትር ማዕረግ ስላላቸው በየትኛው ፍርድ ቤት ይዳኙ የሚል ጥያቄ ተነሳ። የነበረው ሕግ እንዲህ ያለውን ባለሥልጣን በቀጥታ ወደ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ይወስድ ነበር። ክብር ይመስላል፤ ግን ከጠቅላይ ፍርድ ቤት በላይ ይግባኝ የሚባልበት የለም። ጉዳዩ ሕገ መንግሥቱን የሚተረጉመው ፌዴሬሽን ምክር ቤት ደርሶ ድንጋጌው የይግባኝ መብትን ስለሚነፍግ ሕገ መንግሥቱን ይቃረናል ተባለ። ክርክሩም በከፍተኛ ፍርድ ቤት ቀጠለ። ከአምስት ዓመት በኋላ፣ በግንቦት 2010፣ ክሱ ተቋርጦ ተፈቱ።

ማን ጥፋተኛ ማን ንጹሕ ነበር ብዬ እዚህ አልፈርድም። የምለው ይህን ነው። ትልልቅ ፋይሎች የሚከፈቱትና የሚዘጉት ፖለቲካው በተገለበጠ ቁጥር ከሆነ፣ መስኮት ላይ ያለው ልጅ ሕጉን የሚያየው እንደ ባለሥልጣናት ጠብ ነው። «እኔ ፖለቲካ ውስጥ የለሁም፣ ማን ይነካኛል» ይላል። «ሲሾም ያልበላ ሲሻር ይቆጨዋል» የሚለው አባባል እስካሁን አፍ ላይ የቆየው ለዚህ ይመስለኛል።

የከሳሹም ተቋም ተቀያይሯል። የፌዴራል የሥነ ምግባርና ፀረ ሙስና ኮሚሽን በ1993 ሲቋቋም ይመረምርም ይከስም ነበር። በ2008 እነዚህ ሥልጣኖች ወደ ጠቅላይ ዐቃቤ ሕግና ወደ ፌዴራል ፖሊስ ሄዱ። የጠቅላይ ዐቃቤ ሕጉ ሥልጣን በኋላ ወደ ፍትሕ ሚኒስቴር ዞሯል። ኮሚሽኑ ዛሬ ዋና ሥራው መከላከል፣ ማስተማርና ሀብት መመዝገብ ሲሆን ጥቆማም ይቀበላል። ክልሎችም የየራሳቸው ኮሚሽን አላቸው።

ውጭ ለምትኖሩ

አሜሪካ ወይም እንግሊዝ ሆናችሁ አገር ቤት ኢንቨስት የምታደርጉ አንድ ነገር ልብ በሉ። የአሜሪካ ዜጋ ወይም ነዋሪ ሥራ ለማግኘት ብሎ ለኢትዮጵያ ባለሥልጣን ጉቦ ቢሰጥ፣ በአውሮፓውያኑ 1977 በወጣው የውጭ ባለሥልጣናት ሙስና ሕግ እዚያው አሜሪካም ሊከሰስ ይችላል። ያ ሕግ መደበኛ ሥራን ለማፋጠን የሚሰጥ ትንሽ ክፍያን ለይቶ ይተወዋል። በአውሮፓውያኑ 2010 የወጣው የእንግሊዙ ሕግ ግን አይተወውም፤ የእኛም አይተወውም። ስለዚህ «ይሄ እኮ ማፋጠኛ ነው» የሚለው አነጋገር ቦሌ ከወረዳችሁ በኋላ አይሠራም።

ስትጠየቁ

ጉቦ ስትጠየቁ እዚያው መጣላት አያስፈልግም። እምቢም እሺም ሳትሉ ውጡ። ከበሩ ስትወጡ ማን፣ መቼ፣ በየትኛው ቢሮ፣ ምን ቃል ተጠቅሞ እንደጠየቃችሁ ጻፉ። በኋላ ችሎት ላይ የሚጠየቁት እነዚህ ናቸው፤ ከሳምንት በኋላ ደግሞ ይረሳሉ። የስልክ መልእክት ወይም የቴሌግራም ጽሑፍ ካለ አታጥፉት። የጠየቃችሁትን አገልግሎት በጽሑፍ አመልክቱና ገቢ የተደረገበትን ቀንና ቁጥር ያለው ቅጂ ያዙ። ይህ ቅጂ ማጓተቱን ያስረዳላችኋል። አብዛኛው መሥሪያ ቤት የሥነ ምግባር መከታተያ ክፍል አለው። ጠያቂው የዚያው ቤት ኃላፊ ከሆነ ግን በቀጥታ ወደ ኮሚሽኑ ወይም ወደ ፖሊስ ሂዱ። እዚያም ጥቆማ ስትሰጡ የተቀበላችሁን ሰው ስምና ቀኑን ይዛችሁ ውጡ፤ ፋይል መከፈቱንም ሳትጠይቁ አትመለሱ።